የወጣቶች ሪትሪት ፖስተርና ፕሮሞ ቪዲዮ በስልክ እንዴት ይሠራል?

ሰኔ ገባ ማለት ስልኬ መጮህ ጀመረ ማለት ነው። "ወንድሜ፣ ያንን የሪትሪት ፖስተር በምን አፕ ነው የሠራኸው?" "ቪዲዮውንስ ማን ኤዲት አደረገላችሁ?" ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ስመልስ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንኑ ልላክ ብዬ ነው።

አፑን እነግራችኋለሁ። ግን ፖስተር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አፑ ሳይከፈት በፊት ነው። ሰው ፖስተሩን አይቶ "ስንት ነው? ከየት ነው የምንነሣው? ምሳ አለው?" ብሎ ከደወለ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራውን አልሠራም። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች ግማሾቹ ከዲዛይን ጋር የሚገናኙ አይመስሏችሁም። አትዝለሏቸው።

እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንያዝ። የአዲስ አበባ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ለሪትሪት፣ ማለትም ከከተማ ወጥተው አብረው ለመጸለይና ለማረፍ፣ ሦስት ቀን ሊያሳልፉ ነው። ከአርብ ነሐሴ 15 እስከ እሑድ ነሐሴ 17፣ 2018 ዓ.ም.። (ምሳሌ ነው፤ ደውላችሁ እንዳትመዘገቡ።)

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፤ ቢያንስ 10 ጊጋ ባዶ ቦታ ያለው። ቪዲዮ ቦታ ይበላል፣ መሃል ላይ "ሜሞሪ ሞልቷል" ካለ ቀረጻው ይቋረጣል
- ድምፅ የሚቀዳ ሁለተኛ ስልክ፤ የማንም ቢሆን
- ማይክ ያለው ባለ ገመድ ኢርፎን
- ትራይፖድ፤ ከሌለ ወንበርና የመጻሕፍት ክምር
- ነጭ አንሶላ ወይም ትልቅ ነጭ ካርቶን
- ፓወር ባንክ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም
- ለፖስተሩ ፒክስላብ ወይም ካንቫ፤ ለቪዲዮው ካፕካት
- ሁለት የአማርኛ ፎንት (የፊደል መልክ)፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይበቃሉ፣ ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ
- ከአስተባባሪዎቹ በጽሑፍ የመጣ፣ ያለቀ መረጃ

የመጨረሻው ከሌለ ሌላው ሁሉ ቢኖርም አትጀምሩ።

1. መረጃውን በጽሑፍ ተቀበሉ

በስልክ አይደለም። ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆሞ በቃልም አይደለም። በቴሌግራም ጻፉልኝ በሏቸው፤ ነገ "እኔ እንደዚህ አላልኩም" ሲባል ወደኋላ ሄዳችሁ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

መልስ ማግኘት ያለባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ የሪትሪቱ ርዕስ ምንድን ነው? ጥቅሱስ? ቀኑ ከነስሙ (አርብ፣ ቅዳሜ ተብሎ) መቼ ነው? መነሻው የት ነው፣ ስንት ሰዓት? መመለሻውስ? ክፍያው ስንት ነው? ትራንስፖርት፣ ምግብና ማደሪያን ይጨምራል? ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው የሚመጣው? ምዝገባ መቼ ያበቃል? የት ይመዘገባል፣ ማን ጋ ይደወላል? ክፍያ በየትኛው ሒሳብ ነው?

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ዓመት መነሻውን "2:00" ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ለእኛ ግልጽ ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት። ለዕረፍት ከአሜሪካ የመጣ አንድ ወንድማችን ግን በእነሱ አቆጣጠር አንብቦት ምሳውን በልቶ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ከሰዓት መጣ። አውቶቡሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ብዬ በቃል እጽፋለሁ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ የፈረንጁን ቀን በትንሹ ከሥር ጨምሩ፤ በምሳሌያችን ነሐሴ 15 ኦገስት 21፣ 2026 ነው።

2. ምን ትልቅ፣ ምን ትንሽ እንደሚሆን ወስኑ

የሰበሰባችሁት መረጃ ሁሉ ፖስተሩ ላይ አይወጣም። ከወጣ የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። በሦስት ክፈሉት።

ትልቅ፦ የሪትሪቱ ርዕስ። መካከለኛ፦ ቀንና ቦታ። ትንሽ፦ ክፍያ፣ የምዝገባ ማብቂያ፣ ስልክ ወይም ኪውአር ኮድ። የቀረው፣ ማለትም ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ፕሮግራሙና የመነሻው ዝርዝር፣ ፖስተሩን ስትለቁ ከሥሩ በምትጽፉት ጽሑፍ ውስጥ ይገባል።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ነው የሚያየው። ሁለት ሰከንድ ቢሰጣችሁ ነው። በሁለት ሰከንድ ውስጥ "ሪትሪት፣ ነሐሴ 15፣ ቢሾፍቱ" ካነበበ ይቆማል፤ ከቆመ የቀረውን ራሱ ይፈልጋል።

የተጋባዥ አገልጋዩን ፎቶ ከርዕሱ በላይ አግዝፉት የሚል ግፊት ሊመጣባችሁ ይችላል። በትሕትና ተከራከሩ። ፎቶው ትንሽም ቢሆን ይታወቃል፤ ቀኑ ግን ትንሽ ከሆነ ይጠፋል።

3. ልኩን ከመጀመሪያው ምረጡ

- ለቴሌግራም፣ ለፌስቡክና ለኢንስታግራም፦ 1080 በ 1350 ፒክስል
- ለስቶሪና ለቲክቶክ፦ 1080 በ 1920
- ለቤተ ክርስቲያን ፕሮጀክተር፦ 1920 በ 1080፣ ማለትም አግድም
- ለኤ3 ሕትመት፦ 3508 በ 4961

ሕትመት ካለ ከኤ3ው ጀምሩ። ትልቁን ማሳነስ ይቻላል፤ ትንሹን ማሳደግ ግን ፊደሉን ያደበዝዘዋል። ቁመቱን ጎትታችሁ አግድም ማድረግም አይሆንም፣ ፊት ሁሉ ይወፍራል። ለእያንዳንዱ ልክ ጽሑፉን እንደገና አስተካክላችሁ አስቀምጡት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሃያ ደቂቃ ግን ቢፈጅ ነው።

የፕሮጀክተሩ ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። እሑድ ጠዋት አዳራሹ ብርሃን ነው፣ ፕሮጀክተሩም ብዙ ጊዜ አርጅቷል። ስልክ ላይ ውብ የሆነው ጥቁር ሰማያዊ ፖስተር ግድግዳው ላይ ግራጫ ጉም ይሆናል። ለእሱ ነጣ ያለ መደብና ጠቆር ያለ ጽሑፍ ተጠቀሙ። የታችኛውን ሩብ ባዶ ተዉት፤ ከፊት የተቀመጠው ሰው ጭንቅላት ይሸፍነዋል።

4. ፎቶ፦ የራሳችሁን

ከኢንተርኔት የወረደ፣ ጊታር ይዘው እሳት ዙሪያ የተቀመጡ የፈረንጅ ልጆች ፎቶ ተዉት። የፎቶው ባለቤት አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የእናንተ ልጅ ራሱን አያይበትም። ያለፈው ዓመት ብዥ ያለች ግን እውነተኛ ሳቅ ያለባት ፎቶ ትበልጣለች።

ስትመርጡ ባዶ ቦታ ያለው ፎቶ ፈልጉ፤ ሰማይ ወይም ሐይቅ በዛ ያለበት። ጽሑፉ እዚያ ላይ ያርፋል። ባዶ ቦታ ከሌለው ከጽሑፉ ሥር ጥቁር ቀለም ግማሽ በግማሽ አሳላፊ አድርጋችሁ አንጥፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች አስፈቅዱ። ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ወላጆቻቸውን ጠይቁ። በጸሎት ሰዓት ያለቀሰች እኅት ፎቶ ለእናንተ "ኃይለኛ ምስል" ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ግን የግል ጊዜዋ ነው። ሳትጠይቋት አታውጡት። የልጆችን ሙሉ ስም ከፎቷቸው ጋር አትጻፉ።

5. የአማርኛው ፊደል

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ ፖስተር የሚሞተው እዚህ ነው።

አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። እንግሊዝኛ ርዕሱን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ያጎላል። እኛ ያለን መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ነው። ስለዚህ ርዕሱ ከቀኑ ቢያንስ እጥፍ ይብለጥ፤ ትንሽ ብቻ ከበለጠ ስህተት እንጂ ምርጫ አይመስልም።

ፎንቱ የአማርኛ መሆኑን አረጋግጡ። አፑ ላይ ያያችሁት ቆንጆ ፎንት ለላቲን ብቻ የተሠራ ከሆነ አማርኛ ስትጽፉበት ወይ ባዶ ሣጥን ያወጣል፣ ወይ ስልኩ ዝም ብሎ የራሱን ፎንት ይተካል። "ፎንቱን ቀየርኩ፣ ምንም አልተለወጠም" የምትሉኝ ለዚህ ነው። ፒክስላብ ያወረዳችሁትን ፎንት ያስገባል። ካንቫ የራሳችሁን ፎንት ለመጫን የሚከፈልበትን ይጠይቃል። ለዚህ ነው ለአማርኛ ፒክስላብን የማስቀድመው፤ መልኩ ያረጀ ቢሆንም።

ማወፈር ስትፈልጉ አፑ ላይ ያለውን የማወፈሪያ ቁልፍ አትጫኑ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም በተለያየ ውፍረት ነው የመጣው፤ ወፍራሙን ራሱን ምረጡ። ቁልፉ የሚያደርገው ፊደሉን ዝም ብሎ ማሳበጥ ነው፣ ሲያብጥ ደግሞ ክፍተቱ ይደፈናል። ወፍራም ጠርዝ ማድረግም ያው ነው። ፊደሎቻችን የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ለ እና ሉን፣ ጠ እና ጡን አስቡ። ጠርዙ ቅጥያውን ሲውጠው "ጡ" ከሩቅ "ጠ" ይሆናል። ጠርዝ ከማድረግ ይልቅ ከሥሩ ያለውን ፎቶ አጨልሙት።

መስመር ራሳችሁ ስበሩ። አንዳንድ አፕ የአማርኛን ቃል ያገኘበት ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ "ቤተ ክርስቲ" ላይኛው መስመር ቀርቶ "ያን" ታች ይወርዳል። ርዕሱን በትርጉም ክፈሉት። "ወደ ጸጥታው" በአንድ መስመር፣ "እንውጣ" በሌላው።

ነጥቦቹን በትክክል ጻፉ። አራት ነጥብ "።" ነው፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ኮለን አይደለም። ለጥቅስ "፥" ተጠቀሙ፤ ማርቆስ 6፥31 እንደሚባለው። የጥቅሱን ቃል ከጻፋችሁ ደግሞ ከአንድ ትርጉም ገልብጡ። የ1954ቱና አዲሱ መደበኛ ትርጉም አነጋገራቸው ይለያያል። ከትዝታ ስትጽፉ ሁለቱ ይቀላቀሉና እሑድ አንድ ሽማግሌ ይዘው ያቆሟችኋል፤ እውነታቸውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቢሮዋ ጸሐፊ ፕሮግራሙን በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር ከጻፈችው፣ ወደ ስልክ ስትገለብጡት የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ስልካችሁ አልተበላሸም። ያ ጽሑፍ በዩኒኮድ፣ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በጋራ በሚያነቡት የፊደል ኮድ፣ አልተጻፈም። በስልክ ኪቦርድ እንደገና መጻፍ ነው፣ አቋራጭ አትፈልጉ።

6. ከመልቀቃችሁ በፊት ፈትሹት

የጻፈው ሰው የራሱን ስህተት አያይም፤ ዓይኑ ማየት የፈለገውን ያነባል። ስለዚህ ፖስተሩን ላልሠራ ሰው ስጡትና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከዚያ፦

- ፖስተሩ ላይ ያለውን ስልክ ደውሉለት። ማን እንደሚያነሣ ስሙ
- የሒሳብ ቁጥሩን ቁጠሩ። የንግድ ባንክ ሒሳብ 13 አሃዝ ነው፤ 12 ከሆነ አንድ ጠፍቷል
- ኪውአር ኮዱን በሌላ ስልክ ስካን አድርጉት፣ ከታተመው ወረቀት ላይም ጭምር። ለእጅ ወረቀት ከ2 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ
- ቀኑንና የቀኑን ስም ከካላንደር ጋር አስተያዩ። ነሐሴ 15 በ2018 አርብ ነው፤ በ2017 ሐሙስ ነበር። የአምናውን ፋይል ከፍቶ ቁጥር ብቻ የሚቀይር ሰው እዚህ ይወድቃል

ማስጠንቀቂያ፦ የግለሰብ ሒሳብ ፖስተር ላይ አታውጡ፤ የአስተባባሪውም ቢሆን። የቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ከነስሙ ይውጣ። ፖስተር ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ቁጥሩን ቀይሮ የሚያሰራጭ አይጠፋም። የሚከፍለው ሰው ስሙን አይቶ ማረጋገጥ መቻል አለበት።

7. ለቪዲዮው መጀመሪያ ጽሑፍ

ካሜራ ሳትነኩ ወረቀት ያዙ። ርዝመቱ 40 ሰከንድ ይሁን። የሚነገረው ከ70 ቃል አይብለጥ፤ ከበለጠ ተናጋሪው ይሮጣል። እኔ በዚህ መልክ ነው የምከፍለው፦

- ከ0 እስከ 3፦ የሚያስቆም ነገር። የአውቶቡስ በር ሲዘጋ፣ ልጆች ወደ ሐይቁ ሲሮጡ፣ ወይም አንድ ጥያቄ፦ "ስልክህን ዘግተህ ካደርክ ስንት ጊዜ ሆነህ?"
- ከ3 እስከ 12፦ ምን እንደሆነ፣ የትና መቼ
- ከ12 እስከ 27፦ ባለፈው ዓመት የሄደ አንድ ሰው
- ከ27 እስከ 35፦ ክፍያው፣ ምን እንደሚያካትት፣ መነሻው
- ከ35 እስከ 40፦ ምዝገባ። የማይንቀሳቀስ ምስል፣ ሰው ስክሪንሾት እንዲያነሣ

መግቢያው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሎጎ እየተሽከረከረ ሲወጣ አምስት ሰከንድ የሚያጠፉ አሉ። ሎጎውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። እስከ አምስተኛው ሰከንድ የሚጠብቅ ወጣት የለም።

ምስክርነቱ ላይ አንድ ሰው ብቻ። አራት ሰው ተራ በተራ "በጣም ተባርኬበታለሁ" ቢል አንዱም አይታወስም። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ "ቅዳሜ ማታ ምን ሆነ?" አንዲት ልጅ "ማንንም አላውቅም ነበር፤ ድንች ስንልጥ ነው ጓደኛ ያገኘሁት" ብትል፣ ብቻዬን ነኝ ብሎ የፈራ ሰው ሁሉ ይሰማታል።

8. ቀረጻ

ቁመት ወይስ አግድም? ለስልክ ከሆነ ቁመት። ለአዳራሹ ስክሪንም ካስፈለገ ሁለቱንም ለየብቻ ቅረጹ። የቁመቱን አግድም ስክሪን ላይ ስታወጡት ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል።

ብርሃን። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይሠራል። ክረምት ከሆነ እድለኛ ናችሁ፤ ደመና ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። ፊቱ በአንድ ጎን ከጨለመ ነጩን አንሶላ በዚያ በኩል ያዙለት፣ ብርሃኑን ይመልሳል።

ፊት እንዳይጨልም። ሰው ነጭ ግድግዳ ወይም መስኮት ፊት ስታቆሙ ስልኩ ነጩን አይቶ ሁሉን ያጨልማል፤ የእኛ ፊት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ነው። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ተጭናችሁ ቆዩ፤ ብርሃኑ ሲቆለፍ ምልክት ታያላችሁ። ነጭ ሸሚዝ ከለበሰ ትንሽ ቢነጣም ግድ የለም፣ ፊቱ ይታይ። ከተቻለ ግን ከነጭ ሌላ ልብስ ይልበስ።

ቅንብር። 1080፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ይበቃል። አዳራሽ ውስጥ ስትቀርጹ የመብራት መስመር ምስሉ ላይ ከሄደ፣ መብራታችን በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ነው፤ ስልኩ 25 ፍሬም ካለው እሱን ምረጡ፣ ከሌለው መብራቱን አጥፍታችሁ ወደ መስኮት ተጠጉ።

ድምፅ ከምስል ይበልጣል። ምስሉ ደብዘዝ ቢል ሰው ይታገሣል፤ ድምፁ ካልተሰማ ግን ያልፈዋል። ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ ስልክ የአዳራሹን ማስተጋባት ነው የሚቀዳው። ስለዚህ ኢርፎኑን ሁለተኛው ስልክ ላይ ሰኩ፣ ማይኩን የተናጋሪው ኮሌታ ሥር ደብቁት፣ የድምፅ መቅጃውን ክፈቱ። ሁለቱም መቅዳት ሲጀምሩ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ኤዲት ስታደርጉ የጭብጨባውን ድምፅ ከምስሉ ጋር ታገጥማላችሁ፣ ሌላው ሁሉ ይገጥማል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሐምሌ አትቅረጹ። ዝናቡ ከጀመረ አለቀ፣ ያንን ድምፅ የሚያወጣ አፕ አላገኘሁም።

እያንዳንዱን ክሊፕ 8 ሰከንድ ያህል ያዙ፤ የምትጠቀሙት 2 ወይም 3 ሰከንድ ቢሆንም። እጃችሁ የሚረጋው መሃል ላይ ነው። ዙም አታድርጉ፤ በእግራችሁ ተጠጉ።

9. ኤዲት

ካፕካት ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ንግግሩን ብቻ አስቀምጡ፤ "እእእ" እና ዝምታውን ቁረጡ። ንግግሩ ያለ ምስል ትርጉም ከሰጠ በኋላ ከላዩ ምስሎቹን ደርድሩ። ከምስል የሚጀምር ሰው የሚያምሩ ክሊፖችን መጣል ስለሚያሳሳው ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ ይሆናል።

ጽሑፍ ከሥር አስገቡ፣ በእጃችሁ። ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ነው የሚያየው፣ ታክሲ ውስጥ ወይም ቢሮ። ራሱ የሚጽፈው አፕ አማርኛውን ያበላሸዋል፤ እያረማችሁ ከምትውሉ መጻፉ ይፈጥናል። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ። ካፕካት ላይ ፎንቱ ካስቸገራችሁ ጽሑፉን ፒክስላብ ላይ መደብ በሌለው ፒኤንጂ ሠርታችሁ ከላይ ደርቡት። ቲክቶክ ላይ የታችኛው ክፍልና ቀኝ ጠርዙ በቁልፎች ስለሚሸፈን፣ ጽሑፉን ወደ መሃል ከፍ አድርጉት።

ከክሊፕ ወደ ክሊፕ ስትሻገሩ ዝም ብሎ መቁረጥ ይበቃል። የሚሽከረከረውን፣ የሚገለባበጠውን፣ ልብ እየበተነ የሚያልፈውን ተዉት። አፑ መጨረሻ ላይ ራሱ የሚጨምረውን የካፕካት ሎጎ አጥፉት።

10. መዝሙር

ይሄ ሁሌ ያጣላል። "መዝሙር የእግዚአብሔር ነው፣ ማስፈቀድ ለምን?" ይላሉ። የዘማሪው ድካምም አለበት። ከዚያ ሌላ ፌስቡክና ዩቲዩብ የታወቀ ቀረጻ ሲያገኙ ድምፁን ሊዘጉት ወይም ቪዲዮውን ሊያግዱት ይችላሉ፤ የምዝገባው ሳምንት ላይ ይሄ እንዲሆን አትፈልጉም።

ቀላሉ መንገድ የራሳችሁ መዘምራን ናቸው። አንድ ጊታር ወይም ክራር፣ 40 ሰከንድ፣ ያለ ቃል ብቻ። የሌላ ዘማሪ ዜማ ከሆነ በእናንተ ልጆችም ቢጫወት ባለቤቱን አስፈቅዱ። ንግግር በሚኖርበት ቦታ ሙዚቃውን አውርዱት፤ ምን ያህል እንደሆነ በኢርፎን ሳይሆን በስልኩ ስፒከር ፈትኑ። ሰው የሚሰማው በዚያ ነው።

11. ማውጣትና ማሰራጨት

ቪዲዮውን በ1080፣ በኤምፒ4 አውጡት። 40 ሰከንዱ 40 ሜጋ ባይት አካባቢ ሊሆን ይችላል። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው በ720 ሌላ ቀለል ያለ ቅጂ አውጡ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን በፍላሽ ወስዳችሁ ቅዳሜ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አጫውቱት። በአይፎን የተቀረጸ ፋይል አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት ሊል ይችላል፤ ይሄንን እሑድ በአምልኮ መሃል ማወቅ ደስ አይልም።

ፖስተሩን ቴሌግራም ላይ ሁለት ጊዜ ላኩ። አንዴ እንደ ፎቶ፣ ለማየት። አንዴ እንደ ፋይል፣ ለማተምና ለማስተላለፍ። እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ያንን አውርዶ ያሳተመ ሰው ደብዛዛ ወረቀት ይዞ ይመጣል።

ሕትመት ካለ ፒዲኤፍ ስጡ። አንዴ ሊስተካከል የሚችለውን ፋይል ላክሁና ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላልነበረ ርዕሱ በሙሉ ሣጥን ሆኖ ታተመ። ጥፋቱ የእኔው ነበር፤ ናሙና አላየሁም። ከ200 በፊት አንድ አሳትሙና ተመልከቱት። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ዙሪያውን 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ መደብ ተዉ፣ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር።

ጊዜው፦ ስድስት ሳምንት ሲቀር "ቀኑን ያዙ" የሚል ቀላል ምስል። አራት ሳምንት ሲቀር ሙሉ ፖስተር። ሦስት ሳምንት ሲቀር ቪዲዮው። ምዝገባው ከማብቃቱ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ማስታወሻ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ የሚያዝ ዕቃ ዝርዝር ብቻ፤ ነሐሴ ስለሆነ ጃኬት፣ ጃንጥላና ጭቃ የሚችል ጫማ አስቀድሙ። ሁሉን በአንድ ቀን ከለቀቃችሁት ሁለተኛው ሳምንት ላይ የምትሉት ነገር ያልቅባችኋል።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- አምስት ፎንት በአንድ ፖስተር። ሁለት ይበቃል
- የሚቀርበው ምግብ ፎቶ፣ የሐይቁ ፎቶ፣ የአገልጋዩ ፎቶ፣ የመዘምራኑ ፎቶ፣ ሁሉም አንድ ላይ። አንድ ምረጡ
- ቢጫ ጽሑፍ በነጭ ሰማይ ላይ
- ምዝገባ ካለቀ በኋላም ፖስተሩን አለማንሣት። "ሞልቷል" ብላችሁ ጽፋችሁበት እንደገና ልቀቁት፤ የስልኩ ባለቤት ያመሰግናችኋል
- ጊዜው የሚያልፍበት ነፃ የኪውአር ኮድ መጠቀም። ከታተመ በኋላ አልሠራ ይላል፤ ሊንኩን በቀጥታ የያዘውን ዓይነት ሥሩ
- ከአስተባባሪዎች ስምንቱም ሐሳብ እንዲሰጡ መላክ። ለአንድ ሰው ላኩ፤ የእሱ ቃል የመጨረሻ ይሁን። አለበለዚያ አንዱ አረንጓዴ አድርገው ሲል ሌላው ሐምራዊ ይላል፣ እናንተም ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ፒክስላብ ውስጥ ትቀራላችሁ

12. ሪትሪቱ ላይ

ይሄ የሚረሳው ደረጃ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ፖስተር የሚሠራው ዘንድሮ ባቦጋያ ላይ ነው። አንድ ሰው መድቡ፤ የሚያመልክበት ጊዜም እንዲኖረው ሁለት ቢሆኑ ይሻላል። በቀን አሥር አሥር ክሊፕ ይቅረጹ፦ አውቶቡሱ ሲነሣ፣ ፍራሽ ሲነጠፍ፣ ድንች ሲላጥ፣ ጠዋት ሐይቁ ዳር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከጀርባ። ባዶ ሰማይ በዛ ያለበት አምስት ፎቶም አይርሱ። እሑድ ማታ ሁሉንም "ሪትሪት 2018" በሚል ፎልደር ውስጥ አስገብታችሁ፣ ማን እንደፈቀደና ማን እንዳልፈቀደ የሚል አንድ ጽሑፍ ጨምራችሁ፣ ሁለት ቦታ ላይ አስቀምጡት።